ቦርሳዋ ላይ የምትጽፈው ልጅ

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በምትሄደው ሚኒባስ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ጣቶቿ እረፍት የላቸውም። ጥቁር ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አጋድማ፣ ሰው ባወራ ቁጥር ኮምፒውተር ላይ እንደሚጽፍ ሰው ትነካካዋለች። ነጠላዋ ከትከሻዋ ቢንሸራተት እንኳ የምታነሳበት እጅ የላትም።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አልኳት።

«ሐኪም ስለ በሽተኛ የተናገረውን እየሰሙ ኮምፒውተር ላይ መጻፍ ተምሬ ጨርሻለሁ። ሥራ የጠየቅሁት ሁሉ ልምድ አምጪ ይለኛል። ይኸው እያመጣሁ ነው።»

ከፊታችን የተቀመጡ ሽማግሌ ሕመማቸውን ለጎረቤታቸው ያወሩ ነበር፤ ግራ ጉልበታቸውን፣ ወገባቸውን፣ ሲያስነጥሱ የሚወጋቸውን ጎናቸውን። ጣቶቿ ተከተሏቸው። «ቆይ፣ ቀኝ ጉልበቴ ነው» ሲሉ በትንሿ ጣቷ የቦርሳውን ጥግ ጠቅ ጠቅ አድርጋ ግራውን አጠፋችው።

«አባባ፣ ወገብዎን ቀስ ብለው ይድገሙልኝ» አለቻቸው።

ምንም ሳይገርማቸው ደገሙላት። በመጨረሻም እንደ አገራችን ወግ «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ብለው ዘጉት። ይህንንም አንድ ፊደል ሳትቀንስ ጻፈችው።

ማንኩሳን ስናልፍ ሽማግሌው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ጣቶቿ ሥራ ፈትተው ቦርሳው ላይ ተጋደሙ። አሳዘነችኝ። ጉሮሮዬን ጠርጌ «እኔም እኮ ኩላሊቴን ያመኛል» አልኩ፤ ኩላሊቴ የት እንዳለ እንኳ በቅጡ አላውቅም።

ወዲያው መጻፍ ጀመረች። «የቱ ጋ ነው የሚያምዎት?»

ወደ ደረቴ ጠቆምኩ።

ትንሿ ጣቷ ወደ ቦርሳው ጥግ ሄደች፤ ፍኖተ ሰላም እስክንገባ ድረስ ስታጠፋኝ ነበር።