ከበሩ የሚቀርበው ድንጋይ

በኛ ጊዜ ሥራ አይፈለግም ነበር፤ የሚፈለገው ሰው ነው። ሰው ካለህ ሥራው ራሱ ጠይቆ ይመጣል ይባላል። እኔ ሞጣ ላይ ስምንተኛ ክፍልን ስጨርስ የማውቀው ሰው ሞልቶ ነበር፤ ችግሩ ሁሉም እንደኔ ሰው ፈላጊ መሆኑ ነው።

ሥራውንም የፈለግኩት ለሆዴ አልነበረም። ጎረቤታችን የነበሩ አንድ መሪጌታ ልጅ ነበረቻቸው፤ እሷን ካላገባሁ ሞቼ እገኛለሁ ብዬ ሽማግሌ ልኬ ነበር። መሪጌታው ሽማግሌዎቹን ጠላ አጠጥተው፣ "ደመወዝ ካለው ይምጣ። እስከ ፋሲካ ካልሆነለት ለዳግማይ ትንሣኤ ለጨው ነጋዴው እድራታለሁ" ብለው ሸኟቸው። ጨው ነጋዴው በቅሎ ነበረው። እኔ የነበረኝ የስምንተኛ ክፍል ሰርተፊኬት ነው፤ እሱ ደግሞ አይጋለብም።

እናቴ አንድ ገንቦ ማር አሸከመችኝና፣ "ሂድ ቢቸና፣ ትልቅ ሰው ደጅ ጥና። ሥራ ስጡኝ ብለህ እንዳታሳፍረኝ፤ ዝም ብለህ ታይ" አለችኝ። ደጅ መጥናት ማለት ይኸው ነው፤ ሹሙ ሲወጡ እጅ መንሣት፣ ሲገቡ እጅ መንሣት፣ በመካከሉ መቀመጥ።

ቢቸና ስደርስ ደጅ ጠኚው ከሹሙ በር ጀምሮ እስከ ወይራው ድረስ በየድንጋዩ ተደርድሯል። ሹሙ የሚወጡት በጂፕ ነበር፤ እኛም "አቤት ጌታዬ!" እያልን አቧራውን እየቃምን ከኋላ እንሮጣለን። አዲስ ስለሆንኩ የኔ ድንጋይ የመጨረሻዋ ናት። ከበሩ በሚቀርበው ድንጋይ ላይ ግን ካባ የለበሱ፣ ጥቁር ጥላ የያዙ ሽማግሌ ይቀመጣሉ። ሲያስነጥሱ ሰው ሁሉ "ይማርዎ" ይላል። በቃ፣ የሹሙ ቀኝ እጅ እሳቸው ናቸው አልኩ።

ከዚያ ወዲያ ሹሙን ትቼ ሽማግሌውን ደጅ ጠናሁ። ጥላቸውን እይዛለሁ፣ ድንጋያቸውን እጠርጋለሁ፣ ቅዳሴ ሲሄዱ እከተላለሁ። ማሩንም ሰጠኋቸው። ተቀብለው ራሳቸውን ነቀነቁና "መልካም፤ ነገሩ ገብቶኛል" አሉ። ምኑ እንደገባቸው አልጠየቅኩም፤ ትልቅ ሰው ገባኝ ካለ ገባው ነው።

ዐቢይ ጾም እንደገባ ሽማግሌው ተሾሙ። እውነቴን ነው፣ ተሾሙ! የአንድ ቆላ ወረዳ ምክትል ሆኑ። በደስታ ዘልዬ ጉልበታቸውን ሳምኩና "የኔስ ነገር፣ ጌታዬ?" አልኩ። ዓይናቸውን አፈጠጡ።

"ያንተ ምን ነገር? ከውስጥ የተላክህልኝ አይደለህም እንዴ?"

ለካ እሳቸውም ደጅ ጠኚ ኖረዋል! ከተሻሩ ጀምሮ እዚያች ድንጋይ ላይ ሲያረጁ ከርመው፣ እኔ ጥላ ስይዝላቸው ሹሙ በምስጢር ደህና ምልክት የላኩላቸው መስሏቸዋል። ተስፋቸው ቢለመልም የእናቴን ማር በራሳቸው ስም ለሹሙ አስገቡት። ከበሩ የሚቀርበው ለካ ብዙ የጠበቀው ነው። ሽማግሌውም አፈሩ መሰለኝ፣ ጥላቸውን አውጥተው ሰጡኝና "ድንጋዬንም ያዛት፣ ገዷ መልካም ነው" ብለውኝ ሄዱ። ሌላው ደጅ ጠኚ ከሳቸው ጋር ሲያየኝ ስለከረመ አንድም የተቃወመኝ የለም።

የኒቆዲሞስ ሰሞን ጥላዬን ዘርግቼ፣ ፋሲካን እንደ ሞት እየጠበቅኩ ድንጋዬ ላይ ተቀምጫለሁ። ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? መሪጌታው! በእናታቸው በኩል ቢቸና ርስት ነበራቸውና ክርክራቸውን ይዘው መጡ። ከወይራው ሥር ቆም ብለው አዩኝ። "አንተ ልጅ" ሲሉኝ የኖሩት ሰውዬ ቀረብ ብለው "እንደምን ዋሉ?" አሉና እጅ ነሡኝ።

"ኧረ አባቴ፣ እኔም እንደርስዎ ደጅ ጠኚ ነኝ!" አልኩ ደንግጬ።

"እንዲህ ነው እንጂ ትሕትና! የተማረ ሰው ያስታውቃል" አሉ።

ብምል ብገዘት ማን ይስማኝ። "ነገሬን ለሹሙ ጣል ያድርጉልኝ። የልጅቱም ነገር ለዳግማይ ትንሣኤ ይሁን" ብለውኝ ደስ እያላቸው ተመለሱ።

ሠርጉ ደምቆ አለፈ። ጫጉላ ቤት ሳለን አላስችል አለኝና ለሚስቴ ተናዘዝኩ።

"ስሚ፣ እኔ ሥራም ደመወዝም የለኝም። ለአባትሽ እግዜር ያውቃል ነግሬያቸው ነበር።"

ሳቀች። ታኮርፋለች ያልኳት ልጅ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

"አውቃለሁ። ለመሆኑ ፋሲካ ሳይደርስ ክርክርዎን ይዘው ቢቸና ይሂዱ ብሎ አባቴን የወተወታቸው ማን መሰለህ?"

"አንቺ?"

"ምን ላድርግ? አባቴ ደመወዝ ለሌለው አልድርም አሉ። የተማሪ ቤቱ ዳይሬክተር ሚስት የእናቴ ማኅበርተኛ ናት፤ ለሱ ሥራ ለምኝለት ብላት ደግሞ፣ 'ባልሽ ሲሆን አማቼ ነው፤ ለባዕድ ግን አፌን አላበላሽም' አለችኝ። ከሁለቱ አንዱ መታለል ነበረበት። ይልቅ አሁን አማቿ ሆነሃልና ልብስህን አሳጥብ፤ ሰኞ ተማሪ ቤት ይፈልጉሃል።"

ያን ሁሉ ጊዜ አቧራ የቃምኩለት ሥራ፣ ለካ ሞጣ ላይ አንዲት ማኅበር ውስጥ ተቀምጦ ሲጠብቀኝ ከርሟል።

"ግን ሥራ እንደሌለኝ በምን አወቅሽ?" አልኳት።

"ከቢቸና የመጣ ነጋዴ ሁሉ፣ 'ትልቅ ሰው ሆኗል፤ ጥላ ይዞ ከሹሙ በር አጠገብ ነው የሚውለው' ይለኝ ነበር።"

"ታዲያ አንቺስ ለምን አላመንሽም?"

"አንተ ሞኝ" አለችኝ፣ "በር ላይ የሚውለውማ ያልገባው አይደል?"