ማክሰኞ ዝግ ነው

አራባ ኤሹን ቤተ መጻሕፍት የገባችው ወለል ልትጠርግ ነው። ትምህርቷን ከአሥረኛ ክፍል አቁማ ቤት የተቀመጠች ልጅ ነበረች። እናቷ ኤፉዋ ዓሣ አጫሽ ናት፤ «የእኔን ዓይን ጭስ በላው፣ አንቺ ሄደሽ አቧራ ብትበዪ ይሻላል» ብላ ላከቻት። ያን ጊዜ የኤኩምፓኖ ቤተ መጻሕፍት ከባሕሩ ዳር ቢጠሩ የሚሰማ ቦታ ላይ ያለች አንዲት ክፍል ነበረች። በሯ ሰማያዊ ነው። ቀለሙን የባሕር ጨው እየበላው በየዓመቱ ይቀባል። አሁን የብረት በር ገጥመውላታል፣ ያ ሰማያዊ ግን ያምር ነበር።

ኃላፊው ሚስተር ኦፖንግ ከላይ ከደኑ አገር፣ ከኩማሲ ወዲያ የመጣ ሰው ነው። ዓሣ ሲበላ እንኳ አጥንቱን እየፈራ ነበር። ባሕር አያውቅ እንጂ ክፉ ሰው አልነበረም። አራባ መጥረጊያዋን ይዛ የመጻሕፍቱ ጀርባ ላይ ያሉትን ቁጥሮች ፈዛ ስታይ አገኛትና፣ «ቁጥሩ የቤቱ አድራሻ ነው። ከቤቱ የወጣ መጽሐፍ የጠፋ ልጅ ማለት ነው» አላት። ከዚያ ወዲያ መጥረጊያው ግድግዳ ተደግፎ የሚውልበት ጊዜ በዛ። በመጨረሻ ማኅተሙንም አስረከባት። መጽሐፍ ሲወጣ ልክ በሁለት ሳምንቱ የሚመለስበትን ቀን መምታት የእሷ ሥራ ሆነ። «ማኅተም አይዋሽም፣ አንቺም በእሱ እንዳትዋሺ» ነበር የሰጣት ምክር።

በዓመት አንድ ሠራተኛ አክራ ሄዶ የቤተ መጻሕፍት ሙያ ሁለት ዓመት ይማር ነበር። ሚስተር ኦፖንግ የአራባን ስም ጽፎ ላከ። እሷ በዚህ ስትደሰት ከአክራ ሌላ ደብዳቤ መጣ። አንባቢ ጥቂት ነው፣ እስከ ታኅሣሥ ካልጨመረ ቤቱ ይዘጋል፣ መጻሕፍቱም በመኪና ተጭነው ይሄዳሉ ይላል። ቤቱ ከተዘጋ ደግሞ የምን አክራ።

አንባቢው ለምን እንደጠፋ ከሚስተር ኦፖንግ በቀር የማያውቅ አልነበረም። በየሳምንቱ ማክሰኞ ዝግ ነው። የጽዳት ቀን ይሁን ተብሎ ከአክራ የታዘዘ ነው፣ የአንባቢ መቁጠሪያው መዝገብ እንኳ ሲታተም ማክሰኞ የሚባል ዓምድ የለውም። በኤኩምፓኖ ግን ማክሰኞ የባሕሩ ቀን ነው። ባሕሩ ያርፋል፣ ታንኳ አይወጣም፣ ወንዱ ሁሉ ኮኮናቱ ሥር መረብ እየጠገነ ይውላል። በሌላው ቀን ወንዱ ባሕር ላይ፣ ሴቷ ዓሣው ላይ ናት። ማን ቁጭ ብሎ ያንብብ?

አንድ ማክሰኞ አራባ በሩን ከፍታ ስትጠርግ ኤጃ ኤኮው ደፉ ላይ ቆመ። ኤጃ የሚሉት አባት ሲሉ ነው፣ እሱም የታንኳዎቹ ሁሉ አለቃ ነበር። እጁ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዟል።

«አንቺ የኤፉዋ ልጅ፣ ወረቀት ታውቂያለሽ አሉ።»

«ዝግ ነው ኤጃ።»

«በሩ ተከፍቶ አየሁ።»

«አቧራው እንዲወጣ ነው።»

«ጥሩ፣ እሱ ሲወጣ እኔ ልግባ።» ገባ። «ስምሽ አራባ አይደል? የማክሰኞ ልጅ ሆነሽ ማክሰኞን ትዘጊብናለሽ?»

ጨርቁን ሲፈታ የሞተር ካንዴላ ነበር። ሞተሩ መሀል ባሕር ላይ እየጠፋ አስቸግሮታል። አራባ ቁጥሩን አሰበች፣ መደርደሪያው ጥግ ሄዳ ማንም ነክቶት የማያውቅ የጀልባ ሞተር መጽሐፍ አወጣች። እንግሊዝኛውን እያነበበች በአገሩ ቋንቋ በፋንቲ ነገረችው። ኤጃ ኤኮው ሥዕሉ ላይ ጣቱን እየጎተተ ሰማ፣ የዘይት ጣቱም አሻራ እዚያው ቀረ።

በሳምንቱ ሰባት ሰው መጣ። ከዚያ ሚስቶቻቸው፣ ከዚያ ልጆቻቸው። አንዱ ስለ ሞተር፣ አንዷ ስለ እርግዝና፣ አንዱ ዝም ብሎ ሥዕል ሊያይ። አራባ ካርድ አወጣችላቸው፣ መጽሐፍ አዋሰቻቸው፣ ማኅተሙንም በትክክል መታች። መዝገቡ ላይ ማክሰኞ ስለሌለ ስማቸውን በራሷ ደብተር ጻፈች። ሚስተር ኦፖንግ ማክሰኞ ልብሱን አጥቦ፣ ተኩሶ፣ ተኝቶ ነው የሚውለው። ረቡዕ ሲመጣ መደርደሪያው ሳስቶ ያያል፣ «ምስጥ ገብቶ ይሆን?» ይላል፣ መድኃኒት ይረጫል።

ኅዳር ላይ ተቆጣጣሪዋ ሚሲስ ዳድዚ ከአክራ መጡ። መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። አንድ መጽሐፍ አወጡ፣ የመመለሻ ቀኑን አዩ፣ የግድግዳውን ቀን መቁጠሪያ በጣታቸው ቆጠሩ። ሌላ አወጡ። ደግሞ ሌላ።

«ሚስተር ኦፖንግ፣ ማክሰኞ ዝግ አይደላችሁም?»

«ዝግ ነን ማዳም።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ መጽሐፍ ማክሰኞ ተቀብሎ የሚያስገባው ማን ነው? ዓሣው?»

ሚስተር ኦፖንግ አራባን አየ። ነገሩ ገባው። «ማኅተሙ ነው» አለ። «አርጅቷል፣ ቀን ላይ እየተጣበቀ…»

አራባ ዝም ብትል ከቅጣት ትተርፍ ይሆናል፣ ቤቱ ግን በዚያ ባዶ መዝገብ መዘጋቱ ነው። ብትናገር ደግሞ ትእዛዝ የጣሰች የመጥረጊያ ልጅ ናት። እጇን ከጠረጴዛው ሥር አስገብታ ደብተሩን አወጣች።

«ማኅተሙ ደህና ነው እማማ። ማክሰኞ በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። እሳቸው አያውቁም።»

ሚሲስ ዳድዚ መነጽራቸውን አደረጉ። ደብተሩ መቶ አርባ ስም ነበረበት። አንድ በአንድ አነበቡ፣ አልቸኮሉም።

«ለምን ማክሰኞ?»

«ሰዉ የብስ ላይ የሚገኘው ማክሰኞ ነው። ባሕሩ ሲያርፍ።»

ሴትየዋ ደብተሩን ዘጉት። «ያን ትእዛዝ የጻፈው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አክራ ናቸው።»

«አክራ እኔ ነኝ። የኤልሚና ዓሣ አጫሽ ልጅ ነኝ፣ እንዳንቺ። ማክሰኞ ባሕር እንደማይወጣ እንዴት ጠፋኝ?» የሞተሩን መጽሐፍ አገላበጡ። «ይሄስ የማን ጣት ነው?»

«የኤጃ ኤኮው። መጽሐፍ አቆሽሸሃል ብዬው ዓሣ አምጥቶ ካሰ።»

«ዓሣው የታል?»

አራባ ሚስተር ኦፖንግን አየች።

«ሰጠችኝ፣ ከየት እንደመጣ ግን አልነገረችኝም» አለ ሰውየው አንገቱን ደፍቶ። «አጥንት ነበረው።»

ሚሲስ ዳድዚ ሳቃቸው አመለጣቸው።

በሁለት ሳምንቱ ሁለት ፖስታ አንድ ላይ መጣ። አንዱ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ያለ ፈቃድ በር ስለመክፈት ይላል። ሌላው የአክራ ትምህርት ጥሪ ነው። ሁለቱንም የፈረመው አንድ እጅ ነው፣ የሚሲስ ዳድዚ። በሩ ላይ ደግሞ «ሰኞ ዝግ ነው» የሚል አዲስ ጽሑፍ ተለጠፈ። ኤጃ ኤኮው አነብበዋለሁ ብሎ ረጅም ጊዜ ቆሞ ነበር።

አራባ ተምራ ተመለሰች፣ ሚስተር ኦፖንግ ወደ ደኑ ሲሄድ ወንበሩን ወረሰች፣ በኋላም የዘጠኝ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆነች። አሮጌ መጽሐፍ ማስወገድ የሙያው ደንብ ነው፣ እሷም ለወጣቶቹ ታስተምር ነበር፤ የሞተሩን መጽሐፍ ግን ማንንም አላስነካችም። ጡረታ በወጣች በመጀመሪያው ማክሰኞ ቤተ መጻሕፍቱ መጥታ እንደ ማንኛውም ሰው ተሰለፈች፣ ያንኑ መጽሐፍ አውጥታ ዘረጋች።

«አክስቴ አራባ፣ ይሄ ሞተር እኮ አሁን የለም» አለቻት ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠችው ልጅ።

«አውቃለሁ። ምቺልኝ።»

ልጅቷ መታችላት። አራባ የግድግዳውን ቀን መቁጠሪያ በጣቷ ቆጠረች፣ የመመለሻው ቀን ማክሰኞ ላይ ሲያርፍ መጽሐፉን በብብቷ ይዛ ወደ ባሕሩ ወረደች።