የሽቶ ክዳኗ ንግሥት

ያን ቀን ንግሥቷን አሳልፋ ስትሰጥ፣ ከንግሥቷ ጋር ሌላ ማንን እንደምታጣ ታውቅ ነበር? እዚያው ነበርኩ። ተራዬን እየጠበቅሁ ፊቷን በመስተዋቱ ውስጥ ሳየው ቆይቻለሁ። መልሱን ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።

ቃሪያ ይሏታል። ሰውነቷ ትንሽ ነው፣ አፏ ያቃጥላል። በስሟ የሚጠራት ባሏ ብቻ ነበር፤ እሱም ሞቷል። የምትሠራው እኔ ከተከራየሁት ክፍል ሥር ባለው ፀጉር ቤት ነው። ሁለት ወንበር፣ ጥጉ የተሰነጠቀ ትልቅ መስተዋት፣ የፎጣ መደርደሪያ፣ ከኋላ ደግሞ በመጋረጃ የተለየች ጓዳ አለው። ጓዳዋ ውስጥ ቃሪያና አማቷ አንድ አልጋ ላይ ይተኛሉ። አሮጊቷ ፎጣ ያጥባሉ፣ ያጥፋሉ፣ ደንበኛ ሲገባ «ግቡ» ይላሉ። ቃሪያን «ልጄ» ብለው የሚጠሩ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ቤቱን የከፈቱት የባሏ አባት ናቸው። ሽማግሌው ቁጡ ነበሩ፤ ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸውም እሳቸውን ወጡ። ልጆቹ በጎረምሳነታቸው በሥራ መሀል ተጣልተው አንደኛው ምላጭ እንደያዘ እጁን አነሳ። ምላጩ ያረፈው ፎጣ ላይ ነው፤ አባትየው ግን ደማቸው ደረቀ። በማግሥቱ ሕግ አወጡ። ምላጭ ባለበት ቤት ጠብ የለም። የተጣላ ሰው መሣሪያውን አስቀምጦ ቼዝ ይጫወታል፤ ቦርዱ የፈረደውን ማንም አይከራከርም።

ሽማግሌው ሞቱ፣ ሕጉ ቀረ። ማን ቀድሞ ምሳ ይውጣ፣ ሬዲዮውን ማን ይክፈት፣ ጠዋት ማን ይጥረግ፣ ሁሉም በቦርድ ሆነ። ጠጠሮቹ አርጅተዋል። የነጩ ንግሥት ከጠፋች ቆይቷል፤ በምትኳ የቆመችው ወርቃማ የሽቶ ክዳን ናት።

ታላቅየው ልጅ፣ የቃሪያ ባል፣ ታሞ አልጋ ላይ ሲውል ሚስቱ በወንበሩ ቆመች። ሲሞትም ወንበሩን አልለቀቀችም። ታናሽየው «አለቃ በሉኝ» ይላል። ፊት ለፊት እንደዚያ ይሉታል፤ ከኋላው ግን ስሙ ጉድጓዱ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። አለቃ ጭንቅላት አያይም፤ ብቅ ያለች ፀጉር ነው የሚያየው። ብቅ ያለችውን ሲቆርጥ ጎረቤቷ ብቅ ትላለች፣ እሷንም ይቆርጣል፣ ቀጥሎ ሌላዋን። ደንበኛው ጉድጓድ ይዞ ይወጣል። ቃሪያ ስንቱን ጉድጓድ በትዕግሥት እንደደፈነች ሰፈሩ ያውቃል። በቦርዱ ግን ሁልጊዜ የሚያሸንፋት እሱ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቃሪያ ሳሙና ገዝታ ስትመለስ በሩ እጀታ ላይ ፌስታል ተንጠልጥሎ አገኘች። ውስጡ መቀሶቿ፣ ማበጠሪያዎቿና ጋዋኗ አሉ። አለቃ የአንድ ታክሲ ሹፌር ፀጉር ግማሹን ቆርጦ ጨርሷል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች።

«ፌስታል ነው። አይተሽ አታውቂም?»

«መቀሴ ውስጡ ምን ይሠራል?»

«ጉዞ ይጠብቃል። ሰኞ ጓደኛዬ ሥራ ይጀምራል፤ ወንበሩ ይፈለጋል። ወንበሩ የወንድሜ ነበር። ወንድሜ የለም። አንቺ እዚህ ማን ነሽ?»

«ወንድምህ ሲተኛ እዚህ የቆምኩት ነኝ። አንተ ያኔ ሳትገባ በሩ ላይ ቆመህ ‹ዛሬ እንዴት አደረ› ትል ነበር። ሽታው እንዳይይዝህ።»

አለቃ ምላጭ ይዞ ነበር። አጥብቆ ሲጨብጠው አየሁ። አሮጊቷም አዩ መሰለኝ፣ «አስቀምጥ!» ብለው ጮኹ። አስቀመጠ።

ሹፌሩ በመስተዋቱ ውስጥ አንዴ እሱን አንዴ እሷን ያያል። «አለቃዬ፣ ጠቡ ይደርሳል። መጀመሪያ ጭንቅላቴን አንድ አድርግልኝ። በዚህ መልኬ ሚስቴ በሩን አትከፍትልኝም።»

«ቦርዱን አምጣ» አለች ቃሪያ።

አለቃ ከልቡ ሳቀ። «ምን? አንቺ? ሬዲዮውን እንኳ አንድ ቀን አሸንፈሽ ከፍተሽ አታውቂም!»

«ታዲያ ምን አስፈራህ?»

ሳቁ ቆመ። ቦርዱን ከመደርደሪያው አወረደና የሹፌሩ ጉልበት አጠገብ ባለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ወረወረው። «እንግዲያው በደንብ እንጫወት። የተሸነፈ ይህን በር ዳግም አይረግጥም። እማዬ ትፍረድ።»

አሮጊቷ የሚያጥፉትን ፎጣ ደረታቸው ላይ ያዙ። «ልጄ፣ ይቅርብሽ» አሏት። «ወንበሩን ተይለት። ጓዳ ሆነሽ የሴቶቹን ትሠሪያለሽ። አብረን አለን አይደል?»

«ዛሬ ወንበሩን ከተውኩ ነገ አልጋውን ተይ ይለኛል። እርስዎ ብቻ ዳኛ ይሁኑ፣ እማማ።»

አሮጊቷ ልጃቸውን አዩት፣ እሷን አዩዋት። ከዚያ ተቀመጡ።

ቃሪያ ነጩን ያዘች። አለቃ እንደ ልማዱ ቸኮለ። ንጉሡን ከመሀል አንስቶ ጥግ ሳያስጠልል የማጥቃት ሱስ ያዘው። ቢሾፑን፣ ያን በሰያፍ የሚሄደውን፣ ወደ እሷ ሜዳ ገፋና የሽቶ ክዳኗ ላይ አነጣጠረ። ንግሥቷን የሚጋርዳት አንድ የቃሪያ ፈረስ ብቻ ነበር። ፈረሱ ከቦታው ንቅንቅ ካለ ንግሥቷ ተበላች።

«ታስሯል» አለ አለቃ ለሹፌሩ። «ያ ፈረስ እዚያው ነው የሚያረጀው።»

ቃሪያ ፈረሱን አነሳችው። መሀል ላይ ያለውን ወታደሩን በላችበትና እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች።

ሹፌሩ አፏጨ። አለቃ ወደ ቦርዱ ተደፋ፣ ወደ እሷ ቀና አለ፣ እንደገና ተደፋ። «ንግሥትሽን ረሳሻት እኮ!»

«የት እንዳለች አውቃለሁ።»

«እጅሽን አንስተሻል። መመለስ የለም!»

«ማን እመልሳለሁ አለህ?»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ቆም ብሎ ሙሉውን ቦርድ ቢያይ ኖሮ ሌላ መንገድ ነበረው፤ ፈረሱን በወታደር ቢበላው ጨዋታው ገና ነበር። ግን ንግሥቷ ብቅ ብላለች። ብቅ ያለ ነገር አይቶ ማለፍ አይችልም። ይህን ደግሞ ከጎኑ ቆማ ጉድጓዱን ስትደፍን ከኖረችው ሴት በላይ የሚያውቅ የለም። አለቃ የሽቶ ክዳኗን አነሳና እንደ ልማዱ ኪሱ ከተታት። የበላውን ሁሉ ኪሱ ነው የሚከተው።

«ፌስታልሽን አውርጂ» አላት።

ቃሪያ በቢሾፗ ከንጉሡ አጠገብ ያለውን ወታደር በላች። «ቼክ።»

አለቃ ሊበላው እጁን ዘረጋ፤ መለሰው። ያ ታስሯል ያለው ፈረስ ቢሾፑን ከሩቅ ይጠብቃል። ለንጉሡ የቀረችው አንዲት ቀዳዳ ናት፣ ወደ ፊት፣ ወደ ሜዳው። ወጣ። ሁለተኛው ፈረሷ ዘለለ።

አለቃ ንጉሡን በዓይኑ ሊያሸሽ ሞከረ። ፊቱ ፈረስ፣ ጎኑ ፈረስ። ወደ ኋላ ሲያይ መንገዱን የዘጋችበት የገዛ ንግሥቱ ናት፤ ከመጀመሪያ ቦታዋ አልተነሳችም።

«ማት፣ አለቀ» አለ ሹፌሩ፣ ሳይጠየቅ።

«አንተን ማን ጠየቀህ? ግማሽ ራስ!»

«ግማሽም ሆኖ አይቶታል» አለች ቃሪያ።

አለቃ ወደ እናቱ ዞረ። «እማዬ፣ ሆን ብላ ነው! ንግሥቷን ማታለያ አደረገቻት፣ ይሄ ጨዋታ አይደለም!»

አሮጊቷ ቦርዱን ብዙ አዩት። «ቦርዱ ፈርዷል» አሉ በመጨረሻ። ድምፃቸው ሻካራ ነበር።

አለቃ የቤቱን ቁልፍ ከወገቡ ፈቶ እግሯ ሥር ወረወረው። «አንሺው።»

«የጣልከው አንተ ነህ።»

ቁልፉ እዚያው፣ የተቆረጠ ፀጉር ውስጥ ቀረ። ቃሪያ ፌስታሏን አውርዳ ጋዋኗን ለበሰች፣ የሹፌሩን አንገት ፎጣ አጠበቀችና የቀረውን ግማሽ ጀመረች። አለቃ መሣሪያውን ይሰበስባል፣ መሳቢያ በኃይል ይዘጋል፣ ይረግማታል፤ «ወንድሜን የበላሽ» አላት። መቀሷ ምቱን አልሳተም። በመስተዋቱ ውስጥ ፈገግ ማለቷንም አይቻለሁ። ደስ አላለኝም።

አሮጊቷ መጋረጃውን ገልጠው ጓዳ ገብተው ነበር። ሲወጡ ብርድ ልብሳቸውን ጠቅልለው በመቀነት አስረውታል። ጎንበስ ብለው ቁልፉን አነሱ፣ ፀጉሩን አራገፉለት፣ መስተዋቱ ሥር አስቀመጡት።

«እማማ፣ ወዴት ነው?»

«ከልጄ ጋር።»

«የሚወጣው እሱ ነው እንጂ እርስዎ አይደሉም!»

«ብቻውን ከወጣ ይጠፋል። አንቺ ብቻሽንም ትቆሚያለሽ። አይቼሻለሁ።»

«እኔስ ልጅዎ አይደለሁም?»

«ይቅርብሽ አልኩሽ። ዳኛ ሁኑ አልሽኝ። እናትን በልጇ ላይ ዳኛ አስቀምጠሽ፣ ልጄ አይደለሁም ወይ ትያለሽ?» ጥቅሉን ወደ ብብታቸው ሳብ አደረጉ። «ጨዋታው ያንቺ ነው። ልጁ የኔ ነው።»

መቀሱ ያኔ ቆመ። ሹፌሩ አንገቱን ሰበረ። ቃሪያ አንድ እርምጃ ወደ በሩ ሄደች፣ ግን አለቃ በሩ ላይ ቆሞ እየጠበቃት ነበር፤ እንድትለምን። አየችው። ተመልሳ መቁረጥ ጀመረች።

«ነገ አልጋውን ተይ ይለኛል» ብላ አማቷን ዳኛ ስታደርጋቸው፣ ሴትዮዋ ልጃቸውን እንደማይተዉ ሳታውቅ ቀርታ ነው? የባሏ ወንድም ምን እንደሚያነሳ ከጣቱ ቀድማ ያወቀች ሴት፣ ከጎኗ የምትተኛውን አሮጊት ሳታውቅ ትቀራለች? ወይስ አውቃ፣ መዝና፣ ወንበሩን መረጠች? ፀጉሬን ስትቆርጥ ልጠይቃት ፈልጌ ነበር። ምላጩ ጆሮዬ ሥር ስለነበር ተውኩት።

የእኔ ወለል የእሷ ጣሪያ ነው። ያን ሌሊት መጽሐፍ ይዤ ተቀምጬ ስትጠርግ ሰማሁ። ጠረገች፣ ወንበሮቹን አንስታ እንደገና ጠረገች። ጠጠሮቹን ስትሰበስብ አንዷ መጉደሏን ያየች ይመስለኛል፤ ጉልበቷ ወለሉ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲሄድ ይሰማ ነበር። የሽቶ ክዳኗ ግን በአለቃ ኪስ ሄዳለች። ከዚያ የአልጋው ሽቦ ጮኸ፣ ዝም አለ፣ እንደገና ጮኸ፤ ለሁለት የለመደ አልጋ ለአንድ ሰው አይመቸውም። የመስኮቷ ብርሃን አስፋልቱ ላይ እንደተዘረጋ ቆየ። መብራቷ የጠፋው የመጀመሪያው አውቶቡስ ሲያልፍ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው።