ሃይ ባይ ያጣ ኮምፒውተር

ሙዐዊያ ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ አጠገብ ፊልምና መንዙማ በፍላሽ እየጫነ ይኖራል። ከዚያ በፊት የአጣዬ ሚኒባስ ረዳት ነበር። ያኔ ሰው ይጭን ነበር፤ ዛሬም ይጭናል፤ ልዩነቱ የዛሬው ጭነት አይሟገተውም። እኔ በሩ ላይ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ የምውል ጎረቤቱ ነኝ፤ አፉ እንደማያርፍ ከእኔ በላይ የሚመሰክር የለም።

የኮምፒውተሩ ማዘርቦርድ ያረጀ ነው። ዊንዶውሱን የደንበኛ ፍላሽ በቫይረስ ሲያስበላበት ሊኑክስ የሚባል ሌላ ሲስተም ጫነበት፤ ከዚያ ወዲህ የሚታማው በፍጥነቱ ብቻ ነው። አንድ ፊልም ጭኖ ሳይጨርስ እኔ ሱሪ አሳጥሬ እጨርሳለሁ። ቀርፋፋ ነው ካልከው ግን ይቆጣል። ሃርድ ዲስክ በዩኤስቢ ሲሰካ ሊኑክሱ ጥቁሩ መስኮት ላይ የሚጽፈውን በጣቱ እየጠቆመ፣ "ፉል ስፒድ ይላል! ከፉል በላይ ምን አለ?" ይልሃል። ለረዳት ፉል ማለት ሞልቷል፣ ሳበው ማለት ነው።

ባለፈው ሰሞን ናፊሳ የምትባል ሴት ከአጣዬ መጣች። ቤታቸው ሲቃጠል የሰርጓ ቪዲዮም አብሮ ነዶ ነበር፤ አንድ ቅጂ ግን እዚህ ያለች አክስቷ ጋ በአሮጌ ሃርድ ዲስክ ተገኘ። ሰርጉን ፈልጋ አይደለም። አባቷ ሞተዋል፤ ድምፃቸው የቀረው እዚያ ላይ ብቻ ነው። ዲስኩ ደግሞ ሲሞቅ ይጠፋል፤ የሮቢት ሙቀት ይታወቃል።

ሙዐዊያ መገልበጥ ጀመረ። ግማሽ ሳይደርስ ዲስኩ ተንጫጭቶ ጠፋ። አቀዝቅዞ ደገመው፤ ያው። እንደገና ሞከረ፤ አሁንም ጠፋ። የናፊሳ ፊት ጠቆረ። እኔም መቀሴን አስቀምጬ ገባሁ፤ አንጀቴን በላችው።

"ወላሂ ፉል ነው እህቴ! ከዚህ በላይ አይሄድም" አላት።

"ጋሼ ሙዐዊያ፣ ይሄ ኮምፒውተር ሃይ ባይ ነው ያጣው!" አለች በንዴት። "እስቲ ሃይ ይበሉት!"

እኔ ሳቅኩ። ሙዐዊያ ግን ዓይኑ ፈጠጠ።

"ሃይ..." አለ ቀስ ብሎ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩን የገዛ ሰሞን፣ ሲነሳ በሚመጣው ሰማያዊ የቅንብር ሰሌዳ ላይ ለዩኤስቢ ሁለት ምርጫ አግኝቶ ነበር፤ "ፉል ስፒድ" እና "ሃይ ስፒድ"። ሃይ የሚባለው የሚረብሽ ልጅና ማሳ የገባ አህያ ነው፤ እሱም ፍጥነቱን ሃይ እንዳይሉበት ብሎ ፉልን መረጠ። ለካ በፈረንጆቹ አጠራር ፉል የድሮው ዘገምተኛ ኖሯል፤ ሃይ በብዙ እጥፍ ይበልጠዋል!

አጥፍቶ አስነሳው፤ ሃይን መረጠ፤ ዲስኩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ ሰካው። ወደ ስፌቴ ተመልሼ አንድ ሱሪ ጀምሬ ገና አንዱን እግር ሳልጨርስ ግልበጣው አለቀ። ዲስኩም አልጠፋም።

"አልሐምዱሊላህ!" አለ ሙዐዊያ። "ይህን ሁሉ ዓመት በአንደኛ ማርሽ ስነዳው ኖሬያለሁ!"

ቪዲዮውን ከፈተው። ሙሽሮቹ ገና አልታዩም፤ ሕፃናት ካሜራውን ከበው ይጋፋሉ። ከኋላ የአንድ አዛውንት ወፍራም ድምፅ መጣ፦ "ሃይ! ሃይ! ዞር በሉ፣ ልጄን ልያት!"

ናፊሳ በሻርፗ ጫፍ አፏን ያዘች።

"አባዬ ነው" አለች። "ይድገሙልኝ።"

ሙዐዊያ ደገመላት። ሲያልቅ፣ ሳትጠይቀው እንደገና ደገመላት።