ያለ ውሃ የታጠበችው ጥቁር መኪና

ናስር መኪና ማጠብ የጀመረው መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ ነው። ያኔ ሾፌሮቹ መኪናቸውን ወደ ቀሃ ወንዝ ይነዱና ጎማው ግማሽ እስኪሰምጥ ውሃው ውስጥ ያቆሙታል፤ እሱ ሱሪውን ጠቅልሎ በባልዲ እየቀዳ ይደፋበታል። በኋላ ከመናኸሪያው ጀርባ ቦታ ተከራይቶ በርሜል ደረደረ፣ ላቫጆ ከፈተ። ከእንፍራንዝ የሚመጣው ሚኒባስ፣ ከኮላ ድባ ጤፍ ጭኖ የሚገባው አይሱዙ፣ ሁሉም ጭቃውን የሚያራግፈው እሱ ዘንድ ነበር። ክረምት ከበጋ እጁ ከውሃ ወጥቶ አያውቅም።

እጁ መቼ መደንዘዝ እንደጀመረ በውል አላወቀም። ያወቀችው ሚስቱ ፈህሚያ ናት። አንድ ምሽት ከምድጃ የወረደ ድስት በባዶ እጁ አንስቶ ሲቆም አየችውና ነጠቀችው። ድስቱ ትኩስ መሆኑን ናስር የተረዳው ከፊቷ ነው።

ሐኪሙ ጣቶቹን አንድ በአንድ በመርፌ ነካክቶ ነርቩ ተጎድቷል አለው። ቀዝቃዛ ውሃ ከእንግዲህ እንዳይነካ፣ ከነካ የቀረውም ስሜት እንደሚሄድ ነገረው። ናስር አመስግኖ ወጣ። በፋሲል ግንብ አጥር ሥር እየሄደ ኀዘኑ እስኪመጣ ጠበቀ። አልመጣም። ሌላ ሥራ እንደማያውቅ ያስብ ነበር፤ ሐሳቡም ቢሆን የሌላ ሰው ጉዳይ መስሎ ነበር የሚያልፈው።

መላውን ያመጣው የፈህሚያ ወንድም ዐብዱልከሪም ነው። የመኪና ዕቃ ነጋዴ ነውና አዲስ አበባ ወርዶ ሲመለስ አንድ ካርቶን ሙሉ የሚረጭ ጠርሙስ ይዞ መጣ።

«ይሄ ውሃ የሚባል አይፈልግም» አለው። «ትረጨዋለህ፣ አቧራውን ያላቅቀዋል፣ በለስላሳ ጨርቅ ታነሳዋለህ።»

«ጭቃስ?»

«ለጭቃ መቼ አልኩህ? ለከተማ መኪና ነው፣ ለሠርግ መኪና። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት አገር ማን እምቢ ይልሃል? ብቻ አሸዋ እንዳይነካው አደራህን። አንዲት ፍሬ ከገባችበት ቀለሙን ትጭረዋለች።»

የመናኸሪያው ሾፌሮች ቆመው እያዩ ሲስቁ ሰነበቱ።

«ናስር፣ ሽቶ ነው እንዴ የምትቀባት?»

«እስቲ ራስህም ላይ ርጭ አድርግ። ከጁምዓ ወዲህ ውሃ ያየህ አትመስልም።»

እየሳቁም ቢሆን መኪናቸውን ሰጡት። ሥራው ሸጋ ነበር፤ ቀለሙ መስተዋት ይመስላል። ናስር ሌላውን ሁሉ በጨርቅ ይሠራና መጨረሻ ላይ ኮፈኑን በባዶ መዳፉ ዳበስ ያደርገዋል። ከወንዙ ጊዜ ጀምሮ የያዘው ልማድ ነው። ያኔ በመዳፉ ልስላሴውን ይለይ ነበር፤ አሁን የቀረው ልማዱ ብቻ ነው። የእጁን ነገር ከፈህሚያና ከሐኪሙ በቀር ማንም አያውቅም። መኪናውን ደንዝዞ ለቀረ እጅ የሚሰጥ ሰው እንደሌለ ያውቃል።

ቤት ሲሆን ለሶላት መታጠቢያ ፈህሚያ ውሃ ታሞቅለታለች። ላቫጆው ውስጥ ውሃ ማሞቂያ ስለሌለ የቀትሩ ሶላት፣ ዙህር፣ ሲደርስ ተየሙም ያደርጋል፤ ውሃ ላጣ ወይም በሕመም ውሃ ለተከለከለ ሰው የተፈቀደው በንጹሕ አፈር መንጻት ነው። ከአጥሩ ጥግ ካለው አፈር ላይ መዳፎቹን መታ ያደርጋል፣ እፍ ይላቸዋል፣ ፊቱንና እጆቹን ያብሳል። የተረፈ አፈር ይኑር አይኑር እጁ አይነግረውም።

በጥር፣ በሠርጉ ወር፣ አንድ ቅዳሜ ናስር ዙህርን እየሰገደ ሳለ ዋኘው ጥቁር መኪናውን ይዞ ገባ። ዋኘው የቁስቋም መሪጌታ ልጅ ነው፤ ከወንዙ ዘመን ጀምሮ ደንበኛው ነው፤ አሁን መኪናውን ለሙሽሮች ያከራያል። ናስር ሶላቱን አሰላምቶ እንደጨረሰ ብድግ ብሎ ጨርቁን አነሳ።

«ቀስ በል» አለ ዋኘው፣ አግዳሚው ላይ እየተቀመጠ። «ሙሽራዋ ነገ ናት።»

«ሙሽራዋ ነገ ብትሆንም አንተ ዛሬ ትነዘንዘኛለህ።»

ረጨ፣ ጠረገ፣ ጨርቅ ለወጠ። በመጨረሻ ኮፈኑን በሁለት መዳፉ ዳበሰው፤ ከፊት መብራቱ እስከ መስተዋቱ፣ ጫን ብሎ፣ እየዞረ። ገለል ሲል ፀሐይዋ ወደቀችበት። ጥቁሩ ላይ የመዳፉ መሄጃ ሁሉ በቀጫጭን ነጫጭ መስመሮች ተጭሮ ነበር።

ዋኘው ተነስቶ መጣ። «ምነው ናስር? ይሄ ምንድን ነው?»

«እንጃ።»

«እስቲ ዳስሰው፣ ጠለቅ ያለ ነው?»

ናስር ጣቱን መስመሮቹ ላይ አስኬደ። ወደፊት አስኬደ፣ መለሰ። ጠልቋል ቢልም፣ አልጠለቀም ቢልም ሊያልፍ ይችል ነበር። ግን ለመዋሸትም ጉልበት አልመጣለትም።

«አይሰማኝም» አለ።

«ጭረቱ?»

«እጄ። ከሞተ ቆየ።»

ዋኘው እጁን ይዞ ገለበጠው። በመዳፉ መስመሮች ውስጥ ከፈሳሹ ጋር የተለወሰ አፈር ነበር። «ይሄስ?»

«የሶላት ነው። ውሃ ተከልክያለሁ፣ በአፈር ነው የምነጻው።»

ዋኘው እጁን አልለቀቀም። «ታዲያ ምነው ሳትነግረኝ?»

«ብነግርህ መኪናህን ትሰጠኝ ነበር?»

ዋኘው መኪናውን አየ፣ የናስርን እጅ አየ። ቀስ ብሎ ለቀቀው። «ነገ አበባ ይለጠፍበታል፣ አይታይም» አለ። «ከሠርጉ በኋላ ባሕር ዳር ወስጄ አስቀባዋለሁ። አንተ አትጨነቅ።» ሞተሩን አስነስቶ ወጣ። ሲወጣ እንደ ወትሮው ክላክስ አላደረገም።

ናስር ጠርሙሶቹን ወደ ካርቶናቸው መለሰና ላቫጆውን ዘጋ። አዲስ ዓለም ሰፈር ወዳለው የፈህሚያ ጨርቅ ሱቅ ሲደርስ ገበያው ገና አልተበተነም።

«ምነው በጊዜ?» አለችው።

«ዋኘው አወቀ።»

«ተቆጣ?»

«አልተቆጣም።»

ፈህሚያ ይህ ከቁጣ እንደሚብስ ገባት።

«ከእንግዲህ ላቫጆው አልሄድም» አላት። ድምፁ ውስጥ ምሬት ፈልጋ አጣች። አግዳሚው ላይ የተቆለለውን ጣቃ አንስታ ቦታ ለቀቀችለት፤ ተቀመጠ። በመንገዱ የሚያልፉት ሰላም ይሉታል፣ ይመልሳል።

ጥቂት ቆይቶ አንዲት ሴት ገብታ ሻሽ ጠየቀች። ናስር ለመደርደሪያው ቅርብ ስለነበር አወረደላት።

«ለስላሳ ነው?» አለችው፣ ሻሹ ገና እጁ ላይ እንዳለ።

ናስር ወደ ፈህሚያ ዞረ።

«ለስላሳ ነው እህቴ» አለች ፈህሚያ።