ጠጅ ሣር የበቀለበት ጥግ

ቅድም ሜትርህን እየጎተትክ ስትለካ ጠጅ ሣሩን ረገጥከው። አይ፣ ምንም አልሆነም፣ ሣር ነው ይነሳል። ግን ሽታው ድንገት ሲመጣብኝ ወሬዬን አቋረጥኩ፤ አንተ ደግሞ በዚያው ላይ "ሽንት ቤቱን ጓሮ ጥግ፣ መቀመጫውን ፊት ለፊት ብናደርገው ምን ይመስልዎታል?" አልከኝ። ጎበዝ ነህ፣ ግቢ ታሳምራለህ ይላሉ፤ የሣልከውንም አይቼዋለሁ፣ ያምራል። እስቲ ሻይህን ጠጣና ቁጭ በል። ለምን ዝም እንዳልኩህ ልንገርህ።

እኔ ያደግኩት አሶሳ ነው። አባቴ የእርሻ ባለሙያ ስለነበር መንግሥት ወዳዘዘው ይሄዳል፣ እኛም ጓዛችንን ጠቅልለን እንከተላለን። አሶሳ የደረሰን የመንግሥት ቤት ሁለት ክፍል ብቻ ነበር፤ ግቢው ግን ያስሮጣል። እዚያ አገር ደግሞ ቤት ለመተኛትና ዝናብ ለመሸሽ ነው፣ ኑሮው ውጭ ነው። ማንጎው ሥር ይበላል፣ ማንጎው ሥር ይጠናል፣ እንግዳም ቢመጣ ማንጎው ሥር ነው። ከሰዓት ሙቀቱ ሲበረታ እናቴ ቀዩን መሬት ትጠርግና ውሃ ትረጭበታለች። ያኔ የሚነሳው የአፈር ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። አጥራችን ቀርከሃ ነበር፤ ነፋስ በነካው ቁጥር ሲጢጥ ሲጢጥ ይላል።

ጓሮ፣ በጎረቤታችን አጥር በኩል አንዲት ጥግ ነበረች። እዚያ ታናሽ እህቴ ተቀብራለች።

አሁን እንዲህ በድፍረት አወራዋለሁ እንጂ ያኔ ቤታችን ውስጥ በቃል አይነሳም። እህቴ ስትወለድም ደካማ ነበረች። ሰማንያ ቀን ሳይሞላት፣ ክርስትና ሳትነሳ ሞተች። ያልተጠመቀ ሕፃን ፍትሐት የለው፣ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር አይገባ። አባቴ የሚያደርገው ጠፍቶት ቆሞ ሳለ ጎረቤታችን፣ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጇ ሴትዮ፣ ከነባሏ በአጥሩ መሹለኪያ ገቡ። ማንም አልጠራቸውም፣ ለቅሶውን ሰምተው ነው። ሙስሊሞች ናቸው፤ እሷ ሕፃኗን አጥባ በነጭ ጨርቅ ጠቀለለቻት፣ እሱ ጉድጓዱን ቆፈረ። ሴትዮዋ አማርኛዋ የገበያ ስለነበር እናቴን "አንተ" ነበር የምትላት። "አንተ አይፈራም። እኔ እዚህ አለ፣ እኔ ያያል" እያለች ትከሻዋን ስትደባብሳት ትዝ ይለኛል።

እናቴ ድንጋይ አላቆመችም። ጠጅ ሣር ተከለችበት፣ በቃ። ቀኑን ሙሉ እኛን ስትነጫነጭብን ውላ ውሃ ለማጠጣት እዚያች ጥግ ስትደርስ ዝም ትላለች። እኛም ኳስ እንኳ ብትገባ ዞረን ነበር የምናወጣት።

እንዲህ እያለን አባቴ ወደ ፓዌ ተዛወረ። ጓዛችንን የሚጭነው አይሱዙ ዛሬ ነገ እያለ ሲያጉላላን ቤቱን የሚረከቡት ሰዎች ቀድመው ከች አሉ። ምን ይደረግ? አንደኛውን ክፍል ለቀቅንላቸው፣ እኛ በሌላኛው ተጠጋጋን። ሁለት ቤተሰብ በአንድ ግቢ፣ ሁለት እመቤት በአንድ ምድጃ! አይድረስብህ ወንድሜ።

ባልየው ቀያሽ ነበር፣ መሬት የሚለካ። ትሑት፣ ሰው አክባሪ፣ ግን ያመነበትን የማይለቅ። ሚስቱ ከደሴ የመጣች ልጅ እግር ነበረች፤ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ሆዷ ገፍቷል። እናቴን "እትዬ" ትላታለች። ከመጡ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ሰውዬው ችካልና ሲባጎ ይዞ ግቢውን ዞረ። የድሮው ሽንት ቤት ሞልቷል፣ ከመውለዷ በፊት አዲስ መቆፈር አለበት። ለጉድጓዱ አራት ችካል መታ፣ ሲባጎውን አዞረ። መሃሉ ላይ የእናቴ ጠጅ ሣር ቀረ።

እናቴ የያዘችው ሳፋ ከእጇ አመለጠ። ልብሱ ሁሉ አፈር ሆነ።

አባቴ ማንጎው ሥር ወስዶ በሹክሹክታ "ንገሪያቸው እንጂ። ሰዎች ናቸው፣ ይገባቸዋል" አላት። እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ እሰማለሁ።

"ለማን ነው የምነግረው? ለእርጉዝ? 'አንቺ የምትወልጂበት ቤት ውስጥ ልጄ ሞታብኛለች፣ ጓሮሽ ነው ያለችው' ልበላት? ሟርት ላሟርትባት?"

"ለባልየው ልንገረዋ።"

"እሱማ ሲሰማ አንሱልኝ ይላል። ልጄን ሁለተኛ አታስቆፍራትም! ሰምተኸኛል?"

አባቴ ሰምቷታል። ከዚያ በኋላ ነገሩን አላነሳውም፤ ምግብ ግን አልበላም።

እንግዲህ እናቴ በዚያ ሰሞን እንዳንተ ግቢ አሳማሪ ሆነች። የምቀልድ መሰለህ? አሁን ነው የሚያስቀኝ። ቀያሹን ጠራችው። "ልጄ፣ ግቢ እንዲህ በችኮላ አይሠራም። ፀሐዩ ከሰዓት ወዴት እንደሚዞር ገና አላየህም። የኛ ማንጎ ጥላው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ከዚያ ይከዳሃል። ያቺን ጥግ ግን የጎረቤት ማንጎ ያለብሳታል፣ ነፋስም አላት። እዚያ ራኩባ ነው የሚያምረው። ሚስትህ ልጇን ታቅፋ የምትቀመጥበት።" ራኩባ የምንለው በቀርከሃ ቋሚ ላይ ሣር የተከደነ፣ ዙሪያው ክፍት የሆነ ዳስ ነው። አሶሳ ያለ ራኩባ አይኖርም። "ሽንት ቤቱ እዚያ ማዶ ይሁን" ብላ በጣቷ አሳየችው።

"እትዬ፣ እዚያ እኮ ከፍታ ነው" አላት። "ክረምት ሲመጣ ውሃው አጥቦ ወደ ቤት ያመጣዋል።" እንዳትከራከረው ባልዲ ውሃ አምጥቶ እዚያው ከፍታው ላይ አፈሰሰ። ውሃው አንዴም ሳያመነታ በቤቱ ጎን ዞሮ እየተሳበ ወደ ጠጅ ሣሩ ወረደ። ሰውዬው እውነቱን ነው፣ ሥራውን ያውቃል። እናቴ ቀዩ ውሃ ሣሩ ሥር ሲጠራቀም እያየች ከንፈሯን ነከሰች።

ጠዋት ስንነሳ ችካሎቹ ማዶ ተተክለው ተገኙ። ቀያሹ "የሰፈር ልጆች!" ብሎ ሣቀና መለሳቸው። በማግስቱም እንዲሁ። አሁን አልሣቀም። እናቴን አየት አደረጋትና አጎንብሶ ችካሉን በድንጋይ መታ። እያንዳንዷ ምት ጥርሴ ላይ ነበር የምታርፈው።

እሱ ቢሮ በሄደበት ቀን እናቴ ከጎረቤታችን ጋር ሆና ቀርከሃ አስመጣች። እርጥብ ቀርከሃ ሲቆረጥ ሽታውን ታውቀዋለህ? እንደ ታጨደ እሸት ነው። እኔ እያቀበልኩ፣ እነሱ እያሰሩ፣ አራቱን ቋሚ በሣሩ ዙሪያ አቆሙ፤ አንዱንም ወደ መሃል አላስጠጉትም። ሰውዬው ሲመለስ ማገሩ ሳይቀር ታስሮ ጠበቀው።

ፊቱ ደም መሰለ። "እትዬ፣ እንደ እናቴ ነው የማከብርዎት። ግን ቤቱን አስረክበዋል እኮ! ነገ ጠዋት ቆፋሪዎች ይመጣሉ፣ ከፍያለሁ። ይሄ ነገር ይነሳልኝ።"

አባቴ አንገቱን ደፋ። እናቴ አፏን ከፈተች። አሁን ተናገረች አልኩ። ሚስትየው እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ የእናቴ ዓይን ሆዷ ላይ አረፈና አፏ መልሶ ተዘጋ።

አመሻሹ ላይ ጎረቤታችን ሚስትየውን በመሹለኪያው ጠርታ የተቆላ ለውዝ ስትሰጣት አየሁ። ብዙ ቆሙ። እኔ ልብ አላልኩትም፣ እናቴ ጠጅ ሣሩ አጠገብ ተቀምጣ አልነሳም ስላለችን እሷን ልለምን ሄድኩ።

ቆፋሪዎቹ ፀሐይ ሳትበረታ መጡ፣ ዶማና አካፋ ተሸክመው። እናቴ ቀድማቸዋለች። ነጠላዋን አጣፍታ፣ እግሯን ዘርግታ፣ አንዱን የቀርከሃ ቋሚ አቅፋ ሲባጎው መሃል መሬት ላይ ቁጭ ብላለች።

"እናቴ፣ ትንሽ ፈንጠር ይበሉልን" አላት አንደኛው።

እናቴ ቋሚውን ይበልጥ አጥብቃ ያዘች። አባቴ "ኧረ በሕግ! አታዋርጂኝ" አላት። ቀያሹ "እንግዲህ ቀበሌ ልጥራ ነው" አለ። ቆፋሪው ምን እንደሚያደርግ ግራ ገብቶት ዶማውን ከትከሻው አወረደ። ከእናቴ እግር አንድ ክንድ ቢርቅ ነው። እኔ ዶማው ሲነሳ ልጮህ ተዘጋጅቻለሁ፤ ጮኼ ምን እንደምል ግን አላውቅም።

"ኧረ ተዉ! ምንድነው እሱ?" ሚስትየው ነበረች፣ በባዶ እግሯ እያዘገመች። "እኔ እዚህ ሽንት ቤት አልፈልግም። ይሄን ሆድ ይዤ ሽታ ልታቀፍ ነው? ራኩባዬን ነው የምፈልገው። ማዶ ቆፍሩ።"

"ውሃውስ? ወደ ቤት እኮ ነው የሚ…"

"ቦይ ቅደድለታ! ቀያሽ አይደለህ እንዴ?"

ቆፋሪዎቹ ሣቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ሰውዬው ሚስቱን አየ፣ እናቴን አየ፣ ከዚያ እጁን አወናጭፎ ችካሎቹን መንቀል ጀመረ። ዶማው ማዶ መሬት ሲመታ እናቴ አሁንም ቋሚውን አልለቀቀችም፤ እንባዋ ብቻ ይወርዳል። ሚስትየው አጠገቧ እንደምንም ተንበርክካ "እትዬ፣ ክዳኑን እንጨርሰው እንጂ" አለቻት። ጨረሱት። ጎረቤታችን ሣሩን እያቀበለች፣ እኔ ወንበር ላይ ቆሜ እየከደንኩ። እኔ እናቴ ግቢ አሠራር አውቃ የረታች መስሎኝ ኮራሁ።

አይሱዙው መጣ። ጓዛችን ተጫነ። ስንብቱ ላይ ሚስትየው እናቴ አንገት ሥር ገብታ አለቀሰች። የእናቴን ነጠላ ጫፍ ይዤ ስለነበር ያለችውን ሰማሁ።

"እትዬ፣ ጎረቤትዎ ነግራኛለች። አልፈራሁም፣ አይዞዎት።" ቀና ብላ እናቴን አየቻት። "እዚያ ስቀመጥ ማን ብዬ ልጥራት?"

እናቴ የተቆጣች መሰለኝ። "ስም አልወጣላትም" አለችና መኪናው ላይ ወጣች።

እውነቷን ነው፣ አልወጣላትም። አባቴ "ክርስትና ስትነሳ" እያለ ቆይቶ ሳይሆንለት ቀረ። ሁላችንም ሚጢ ነበር የምንላት።

ከከተማው መውጫ ስንደርስ እናቴ የጋቢናውን በር በጥፊ መታችው። "አቁም!"

ሾፌሩ "ምን ረሱ እማማ? መንገድ ላይ ይመሽብናል እኮ" ብሎ ተነጫነጨ። መልስ አልሰጠችውም። ወረደች፣ እኔም ዘልዬ ተከተልኳት። አባቴ ከኋላ ይጣራል። ቀትር ነበር፣ አቧራው ይፋጃል፤ እሷ ትራመዳለች፣ እኔ እሮጣለሁ። "እማዬ፣ ምን ረስተሽ ነው?" ብላት ብላት ዞር አላለችም።

የግቢው በር ክፍት ነበር። ሚስትየው ጫማዋን አውልቃ አዲሱ ራኩባ ሥር ተቀምጣለች። እናቴ ፊቷ ቁጢጥ አለችና ስም ነገረቻት። አንዴ ብቻ። ሁላችንም ተኝተን ሕፃኗን ስታጠባ ለብቻዋ ትጠራት የነበረ ስም ነው፤ እኔም የሰማሁት ያን ቀን ነው። ሚስትየው ቀስ ብላ ደገመችው።

"አዎ" አለች እናቴ። "እንደሱ ብለሽ።"

መኪናው ጋ ስንመለስ አባቴ ላብ በላብ ሆኖ "ምን ረስተሽ ነው?" አላት። "ተወው፣ አገኘሁት" አለችው። እሱም ስሙን ሳይሰማ አረፈ፤ ለምን ከሱ እንደደበቀችው ሁሌ እገረማለሁ፣ ጠይቄያት ግን አላውቅም።

አንተም አትጠይቀኝ። ስሙን የምናውቀው ሦስት ሴቶች ነበርን። እናቴ ካረፈች ወዲህ ሁለት ቀርተናል፤ ያቺም በሕይወት ካለች።