ሰበታ ላይ የመረጥኩት ማኒፎልድ

በጃንሆይ ዘመን በጅማ መንገድ ቱርቦ ያለው የጭነት መኪና እነዳ ነበር። አየር ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ማኒፎልድ ቢሰነጠቅብኝ፣ የሟች ባሏን መኪና ዕቃ ትሸጣለች ወደተባለች የሰበታ ሴት ቤት ሄድኩ። ጥቁር ለብሳለች። ሁለት ማኒፎልድ አወጣችልኝ፤ አንዱ ከተገለበጠው የባሏ መኪና የተፈታ ነው፣ ሌላው ባሏ ገዝቶ ያላስገጠመው አዲስ። አዲሱን መረጥኩ።

«በምን ይሻላል?» አለችኝ።

«ሰፊ ነው፤ ዳገት ላይ ጉልበት ይሰጣል።»

«እርግጠኛ ነህ ወንድሜ?»

የዋጋ ነገር መስሎኝ፣ «እንዴታ እህቴ! ይሄ የተገጠመለት መኪና ዳገት አይፈራም» አልኳት።

አዲሱን ማኒፎልድ አንስታ አቧራውን በመዳፏ ጠረገችው።

«ባሌ የሞተው መኪናው ዳገት ላይ ጉልበት አጥቶ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ሲገለበጥ ነው» አለች። «‹አስገጥሜው ልሂድ› ሲለኝ፣ ‹ስትመለስ ይደርሳል› ያልኩት እኔ ነኝ።»